«ሲያድግ ይተወዋል» የተባለው ጉልበት

ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ ሲጫወት ያመሸ የ13 ዓመት ልጅ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይዞ ሲያነክስ፣ በብዙ ቤት የሚሰማው ከሁለት አንዱ ነው። አባት «እድገት ነው፣ ይተወዋል» ይላል፤ አያት ደግሞ «ወጌሻ ይየው» ይላሉ። ልጁ ሱሪውን ሰብስቦ ሲያሳይ ከጉልበቱ ሎሚ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ጠንካራ ጉብታ ወጥቷል። ጫን ሲሉት ይጮኻል፤ ለስግደት መንበርከክ እንኳ ያቅተዋል።

ሕክምና ይህን ጉብታ ካወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1903 ሮበርት ኦስጉድ በቦስተን፣ ካርል ሽላተር በዙሪክ በየፊናቸው ጻፉበት፤ ሕመሙ ዛሬም በሁለቱ ስም ኦስጉድ ሽላተር ይባላል።

ጉልበትን የሚዘረጋው የፊት ጭን ጡንቻ ነው። ኃይሉ በሎሚው በኩል አልፎ ቅልጥም ላይ በተተከለ ጅማት ይወርዳል። በአዋቂ ሰው ጅማቱ የተያያዘው ከጠነከረ አጥንት ጋር ነው፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለ ልጅ ግን ያ ቦታ ገና ለጋ ነው። ልጁ በዘለለ፣ ኳስ በመታ፣ ሮጦ ድንገት በቆመ ቁጥር ጅማቱ ለጋውን ቦታ ይጎትተዋል። ቦታው ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ሰውነት ሊጠግነው ሲል አጥንት ይጨምርበታል። ሴቶች ቀድመው ስለሚያድጉ ሕመሙም ቀድሞ ይጀምራቸዋል።

አባት ከሞላ ጎደል ልክ ነው፤ አብዛኛው ልጅ እድገቱ ሲያበቃ ይሻለዋል። ነገር ግን ያ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ እስከዚያ ልጁ እያነከሰ ይጫወት ወይስ ቤት ይቀመጥ? ወጌሻን አልንቅም፤ የተቆጣን ለጋ አጥንት ማሸት ግን ማባባስ ነው። «ኳስ የሚባል እንዳትነካ» ብሎ ለወራት ማስቀመጥም ጡንቻውን ያደክመዋል፣ ከጓደኞቹም ይነጥለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 51 ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ልጆቹ በመጀመሪያ ሩጫና ዝላይ ቀነሱ፤ ከዚያ ጭንና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ጨመሩ። በ12ኛው ሳምንት 80 በመቶዎቹ ተሽሎናል አሉ። ወደ ስፖርታቸው የተመለሱት ግን ያኔ 16 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዓመቱ 69 በመቶ ደረሱ። ለአሰልጣኞች ደጋግሜ መንገር የምፈልገው ይህንን ነው፤ ሕመሙ ቀነሰ ማለት ጉልበቱ ለግጥሚያ ደረሰ ማለት አይደለም። ጠዋት ለትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ለሠፈር ቡድን፣ ቅዳሜ ደግሞ ለፕሮጀክት በደረቅ ሜዳ የሚሮጥን ልጅ ድካም ደምሮ የሚያይለት ሰው የለም። ሦስቱ አሰልጣኞች ስልክ ተደዋውለው አንዱን ልምምድ ቢያስቀሩለት ከየትኛውም ቅባት ይበልጥ ይጠቅመዋል። ከጨዋታ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያስታግሳል። የተሰማው ሕመም ቀላል ሆኖ በማግስቱ ጠዋት ከጠፋ መጫወቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ካደረ ግን በዝቶበታልና ይቀነስለት።

ወላጆች፣ ከጉልበት በታች ያበጠ ሁሉ ኦስጉድ ሽላተር እንዳይመስላችሁ። በዚህ ዕድሜ የሚመጣ የአጥንት ካንሰር በብዛት የሚጀምረው ጉልበት አካባቢ ነው፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም ጉልበት ላይ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ሕመሙ ሳይጫወትም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ትኩሳት ያለው፣ እብጠቱ እያደር የሚጨምር፣ ወይም እግሩን መርገጥ ያቃተው ልጅ ካለ፣ ሳታሳሹትና ሳታሳስሩት ቀጥታ ሆስፒታል ወስዳችሁ ራጅ አስነሱት።