የአንደበት ረዳት ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

ሙሴ አንደበቱ እንደሚከብደው በተናገረ ጊዜ እግዚአብሔር ወንድሙን አሮንን ረዳት አድርጎ እንደ ሰጠው በዘጸአት ምዕራፍ 4 አንብባችኋል። በሮቢትና በቆቦ የምትኖሩ ባለ ትዳሮች፣ ሦስት ዓመት ሞልቶት «እማ» ከማለት ያላለፈ ልጅ በቤታችሁ ቢኖር አሮንን ከየት ታመጡለታላችሁ?

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ረዳት ምላጭ የያዘ ነው። «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» ይላል። እንጥል መቁረጥ የልጅን አንደበት አይፈታም፤ ደም ሊያፈስ፣ ሊያመረቅዝ፣ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። እባካችሁ አታስቆርጡ። «አማርኛና ትግርኛ ተምታቶበት ነው» የሚሉም አሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ዲዳ አያደርግም፤ አያቱ በትግርኛ ማጫወታቸውን ይቀጥሉ።

በአሜሪካ ለዚህ አገልግሎት የንግግር ሕክምና ረዳት የሚባል ሙያ አለ። የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለረዳቶች የምስክር ወረቀት ይሰጣል። አመልካቹ ለዚሁ ሙያ የተዘጋጀ የሁለት ዓመት ትምህርት ወይም በዘርፉ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፤ በሌላ ዘርፍ የተመረቀም ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ ሊገባበት ይችላል። ከዚያ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር ቢያንስ 100 ሰዓት ይሠራል፤ ከዚህ ውስጥ 80ው ከታካሚው ጋር ፊት ለፊት ነው። የሙያ ሥነ ምግባርና የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ይማራል፤ በመጨረሻም ይፈተናል። የሥራ ፈቃዱን በተመለከተ ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አለው።

እኔን ግን ይበልጥ የሳበኝ ክልከላው ነው። ረዳቱ ሕመሙን አይወስንም፤ የሕክምናውን ዕቅድ አያወጣም፣ በራሱ ፈቃድም አይለውጥም። ባለሙያው የሰጠውን ልምምድ ያሠራል፤ ያየውን መዝግቦ ይመልሳል። (ሙሴ ተራራው ላይ በቆየ ጊዜ አሮን ምን እንደ ሠራ አትረሱም!)

በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ከሮቢት አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የየዕለቱ ልምምድ በእናትና በአባት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን አስቡ። የውበት ሙያ ባለቤት ነበሩ፤ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ለእነዚህ ልጆች ደከሙ፤ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ በፊደላችን ድምፆች ንግግር የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ።

ታዲያ ከየት ትጀምሩ? መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሂዱ። የልጁ ጆሮ መስማቱ ይመርመር፤ የማይሰማ ልጅ ቃል አይዝምና። ላንቃው የተሰነጠቀ ከሆነ ቀዶ ሕክምና አለ፤ በአዲስ አበባ ያለው የክርስቲያኖች ሆስፒታል ኪዩር ከሚሰጣቸው ሕክምናዎች አንዱ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ብዙ ልጆች የንግግር ልምምድ ያስፈልጋቸዋል። ባለሙያ ስታገኙ ልምምዱን ፊቱ ሠርታችሁ አሳዩት፤ እርማቱንም አስጽፉ። የሰንበት ትምህርት አስተማሪው አብሯችሁ ቢሄድ ደግሞ እንዴት ጥሩ ነው!

ስለ ጸሎትም እንነጋገር። ጸልዩ፣ ሂዱም፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ነገር ግን ልጁን መድረክ ላይ አውጥታችሁ «በል ተናገር» አትበሉት። በማርቆስ ምዕራፍ 7 ጌታ ደንቆሮና ኰልታፋ የነበረውን ሰው የፈወሰው ከሕዝቡ ለይቶ ወስዶት ነው።

በቤትም እንዲሁ። ጎንበስ ብላችሁ ፊቱን እያያችሁ ግመሉን፣ ማሽላውን፣ በሬውን በስሙ ጥሩለት። ጠይቃችሁም ጠብቁት፤ ታላቅ እኅቱ ቀድማ አትመልስለት። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ደግሞ ልጁ የሚላቸውን ቃላት፣ አንዲት እንኳ ብትሆን፣ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሚላትም አጠገቧ ጻፉ።