ለጎታች መኪና ሞተር ዋስ ከመሆንዎ በፊት

ሐዴራ ለ2፣ ለ4 እና ለ65 ቁጥር መንገዶች ቅርብ ስለሆነች የተበላሸ ከባድ መኪና ለሚጎትት ሰው ሥራ አይጠፋም። የናፍጣ ሞተሩ ሲሞት ግን ሥራው ይቆማል፤ የባንክ ዕዳው አይቆምም። እኛ የማኅበረሰብ ነርሶች እንቅልፍ ያጡ ወላጆችን ስንጠይቅ፣ አንዳንዴ ምክንያቱ ለልጅ የፈረሙት ዋስትና ሆኖ እናገኘዋለን። ወላጆቻችን፣ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ።

አንደኛ፣ የሞተሩ ዋጋ የሥራው ዋጋ አይደለም። ከባድ የናፍጣ ሞተር አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። የክሬን፣ የእጅ ዋጋ፣ የፍሪሲዮንና የራዲያተር ወጪ፣ እንዲሁም መኪናው ያለ ገቢ የሚቆምባቸው ቀናት ይደመሩ። ሞተሩ የተለየ ዓይነት ከሆነ ከካምቢዮው ጋር ላይገጥም ስለሚችል ተመሳሳዩ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ የሞተር ቁጥር በመኪናው ፈቃድ ላይ ይመዘገባል። ያገለገለ ሞተር ያለ ደረሰኝ አይገዛ። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚፈልጋቸው ወረቀቶች ይጠየቁ፤ የጋራዡ ዋስትናም በጽሑፍ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ስለዚህ አዲሱ ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አይሞከር።

ልጅን መርዳት የወላጅ ወግ ነው። ውሉን በሚገባዎት ቋንቋ ሳያስነብቡ ግን አይፈርሙ።