ከሰርቦ እስከ ጅሬን፤ በበዓል ማግስት በብስክሌት

የጥምቀትና የቃና ዘገሊላ በዓላት ካለፉ በኋላ ያሉት የጥር ቀናት በጅማ ዙሪያ ለመንገደኛ የተመቹ ናቸው። ዝናቡ ርቋል፤ ጭቃው ደርቋል፤ የቡናው ለቀማም ወደ መጠናቀቁ ተቃርቧል። በዚህ ወቅት ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የሚዘልቁ አንባብያን ጥቂት አይደሉም። በአንድ ቀን የብስክሌት ጉዞ ደርሰው የሚመለሱበትን አንድ ታላቅ ስፍራ ልናመለክታቸው ወደድን፤ ይኸውም የንጉሥ አባ ጅፋር መቀመጫ የነበረው ጅሬን ነው።

መነሻችን ሰርቦ ነው። የቀርሳ ወረዳ ከተማ የሆነችው ሰርቦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ጅማ ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ትገኛለች። ከጅማ መሀል ከተማ እስከ ጅሬን ኮረብታ ደግሞ 7 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ደርሶ መልሱ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ለለመደ ሰው ቀላል፣ ላልለመደውም ረጋ ብሎ ከሄደ የሚገፋ መንገድ ነው። ጎህ ሲቀድ መነሣት፣ ፍሬኑን አስቀድሞ መፈተሽ፣ ትርፍ ካላማዳሪና መንፊያ መያዝ ይገባል። አስፋልቱ የጭነት መኪና የሚበዛበት ነውና ጠርዝ ይዞ መጓዝ ግድ ነው።

በመኪና ለሚያልፍ ሰው የመንገዱ ግራና ቀኝ ጫካ ይመስለዋል። በብስክሌት ዝግ ብሎ የሚሄድ ግን ጫካ ያለው ነገር የሰው ጓሮ መሆኑን ያስተውላል። ከላይ ዋንዛና ብሳና ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ከሥራቸው ቡናው ቆሟል፤ ከቡናው አጠገብ እንሰቱ፣ ጌሾው፣ ኮረሪማው ይታያል። በየደጁም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ የተሰጣ ቀይ እሸት ቡና ወደ ጀንፈልነት ሲለወጥ ይታያል። ዓለም ዛሬ የሚጠጣው አረቢካ ቡና ጥንተ ምንጩ በዚህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው። እነዚህ ጓሮዎች የደኑን ሥርዓት ወደ ቤት ያመጡ፣ አባት ለልጅ ሲያወርሳቸው የኖሩ የአትክልት ስፍራዎች ናቸው። ጥላው ዛፍ ሲቆረጥ ቡናው ለፀሐይ ይጋለጣል፤ የጓሮውም ሥርዓት ይፈርሳል።

ጅማ ከደረስን በኋላ ወደ ጅሬን የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው። ዳገቱ ለከበደው ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት ነውር የለበትም። ከላይ ሲደረስ ሰፊ ግቢ፣ መስጊድ፣ ባለ ሰገነት የእንጨት ቤተ መንግሥትና የተንጣለለ ሜዳ ይቀበሉናል። የጅማ መንግሥት ከአምስቱ የግቤ መንግሥታት አንዱ ሲሆን፣ ወሰኑ በኬላና በጉድጓድ ይጠበቅ ነበር። ነገሥታቱ የሚጠሩት በጦር ፈረሳቸው ስም ነበር፤ «አባ ጅፋር» ማለትም ጅፋር የተባለው ፈረስ ባለቤት ማለት ነው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በዙፋን ላይ ቆይተዋል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የምኒልክ ኃይል ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ጦርነትን አልመረጡም፤ ግብር ለመክፈል ተስማምተው እምነታቸውንና የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ። በዚህም አገራቸው ከመቃጠል ዳነች። ጎረቤቷ ከፋ ግን በ1897 በጦርነት ተያዘች፤ ሕዝቧም ብዙ መከራ ተቀበለ። በዚያ ዘመቻ የጅማ ሠራዊትም ከዘማቾቹ ጋር እንደነበር መሸሸግ አይገባም።

ሌላም የማይሸሸግ ነገር አለ። ዛሬ በሐሙስ ገበያው የሚታወቀው ሂርማታ በዚያ ዘመን ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ የሚሸጥበት አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። የግቢው ብልጽግና ከዚህ ንግድ ጋር የተያያዘ ነበር። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ስለዚህ በሰገነቱ ላይ ቆሞ የንጉሡን ብልኃት የሚያደንቅ ሰው፣ በገመድ ታስረው በዚያ ሜዳ ያለፉትን ስማቸው ያልተጻፈ ወገኖችም ሊያስብ ይገባዋል። ታሪክን መውደድ ማለት ግማሹን መርጦ መውደድ አይደለም።

ይህን የምንለው በበዓል ገጽ ላይ ስለ ምንድን ነው? እኛ ክርስቲያኖች ስለ ቅርስ ስንናገር አክሱምንና ላሊበላን ማንሣት ይቀናናል፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ድንጋይ ዘመናትን ብቻውን ሊሻገር ይችላል፤ እንጨት ግን ያለ ጠባቂ አይሻገርም። ምስጥ፣ እርጥበትና ቸልተኝነት በየዓመቱ ይበሉታል። ጅሬን የአንድ እስላም ንጉሥ ቤት ስለሆነ «የእነርሱ ነው» ብለን ብናልፈው፣ ቤቱ ሲወድቅ የሚጎድለው የሁላችንም ታሪክ ነው። በጥምቀት ታቦት ሲሸኝ ውኃ የሚያቀብለን፣ እኛም በአረፋ ቤቱ ገብተን የምንመርቀው ጎረቤት፣ የአባቶቹን ቤትም አብረን እንድንጠብቅለት ይሻል።

ስለዚህ በጉዞው ላይ ሦስት ነገሮችን አደራ እንላለን። የመግቢያውን ክፍያ ሳያጉረመርሙ መክፈል፤ በተቀረጸው እንጨት ላይ ስም አለመጻፍ፤ ልጆችን ይዞ መሄድና ደጉንም ክፉውንም ሳይደብቁ መንገር። ቁልቁለቱን ሲመለሱ ብስክሌቱ ራሱ ይወርዳል፤ ፍሬኑን መያዝ ብቻ ነው። ሰርቦ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደረሳል። ቡናውም በዚያ ሰዓት እየተቆላ ነውና መንገደኛ ሆኖ ሳይቀምስ የሚያልፍ የለም።

መልካም በዓል፤ መልካም መንገድ!