የተከለከለ መሣሪያን ማስጣል፦ ከኮረም እስከ ጄኔቫ

ከሮቢት ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው መንገዱ ቀላል ነው። ቆቦን፣ ዋጃንና አላማጣን አልፎ የግራካሱን ዳገት መውጣት ነው። ዳገቱ ሲያልቅ ኮረም፣ ቀጥሎ አሸንጌ ሐይቅ፣ ከዚያ ማይጨው ይመጣል። እኔ ሮቢት ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ በዚህ መንገድ ለሠርግም ለለቅሶም ተመላልሼበታለሁ። አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የአባቷን ነገር ስታነሳ «ጭስ የበላው» ትለው ነበር። እኛ ልጆቹ ቤት ተቃጥሎበት ይመስለን ነበር። ነገሩ የገባኝ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው።

አንድ ቀን በክፍል ውስጥ መምህራችን «የተከለከለ መሣሪያ የያዘን ጠበኛ መንግሥት በምን ዓይነት ጫና ማስጣል ይቻላል?» ብለው ጠየቁን። አንዱ ኢራቅን ጠራ፣ ሌላዋ ሶርያን። የእኛን አገር ያነሳ አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ከክፍል ወጥቼ ነው የአያቴ አባት ትዝ ያለኝ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልሰጠሁት መልስ ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ መርዝ ጋዝ በዚያን ጊዜ የተከለከለ ነበር ወይ? አዎ። ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በተፈረመው ፕሮቶኮል መርዘኛ ጋዝን በጦርነት መጠቀም ተከልክሏል። ኢጣልያም በ1920 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ችግሩ ፕሮቶኮሉ የከለከለው መጠቀሙን እንጂ መሥራቱንና ማከማቸቱን አለመሆኑ ነው። መጋዘን ገብቶ የሚያይ መርማሪ አላቋቋመም፣ የሚጥስ ቢኖር ምን እንደሚደረግም አልተናገረም። አጥር ተሠርቶ ጠባቂ አልቆመለትም ማለት ነው።

ኢጣልያኖች በብዛት የጣሉት ኢፕሪት የሚባለውን ነው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ማስተርድ ጋዝ ነው። ጋዝ ይባል እንጂ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። በሣር፣ በቅጠልና በውኃ ላይ ይቀመጣል። ሲነካ ወዲያው አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ነው ቆዳውን የሚያቆስለው፣ ዓይንን የሚያሳውረው፣ የተነፈሰውንም ሳንባ የሚያቃጥለው። በባዶ እግሩ ለሚሄድ ሠራዊት ከዚህ የከፋ መሣሪያ የለም። የአያቴ አባት ስንቅ በበቅሎ ጭኖ የዘመተ ሰው ነበር። የነካው ጠዋት ጤዛ የመሰለው ነገር እንደሆነ፣ ማታ እግሩ እንደተላጠ፣ በቅሎዎቹም ሣሩን ግጠው እንደሞቱ ለልጁ ነግሯታል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ የራያና የአዘቦ ሰው ሁሉ በአንድ ወገን አልተሰለፈም። መንግሥት ቀደም ሲል በአካባቢው ባካሄደው የቅጣት ዘመቻ ቂም የያዙ፣ ከኢጣልያም ገንዘብና ጠመንጃ የተቀበሉ ብዙዎች ከማይጨው በኋላ የሚመለሰውን ሠራዊት ወግተዋል። ለእኛ አካባቢ ልጅ ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ጫናው ልምጣ። ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራውን ስትጀምር የመንግሥታት ማኅበር ወራሪነቷን አውጆ ከኅዳር 8 ጀምሮ ማዕቀብ ጣለ። ወደ 50 የሚሆኑ መንግሥታት ተባበሩ። ጦር መሣሪያ እንዳይሸጥላት፣ ብድር እንዳይሰጣት፣ ዕቃዋ እንዳይገዛ ተወሰነ። ከሚከለከሉት ሸቀጦች ዝርዝር ውስጥ ጎማ፣ ቆርቆሮና ኒኬል አሉ። አሉሚኒየምም አለ፤ አሉሚኒየም ደግሞ ኢጣልያ ራሷ የምታመርተው ነው። በጣም የገረመኝ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመልም መኖራቸው ነው። ነዳጅ ግን የለም! ለኢጣልያ በቅሎ መሸጥ ክልክል፣ መርዙን ለሚረጨው አውሮፕላን ቤንዚን መሸጥ ግን የተፈቀደ። የስዌዝ ቦይም ክፍት ነበር፤ ወታደር የጫኑት መርከቦች የማለፊያውን እየከፈሉ አለፉ።

ታዲያ ጫና ቢደረግስ ሙሶሊኒ ይሰማ ነበር ወይ? ብዙ ሰው «እብሪተኛ ነበር፣ አይሰማም» ይላል። እኔ ግን ራሱ የላካቸው ቴሌግራሞች ሌላ ነገር ያሳያሉ ባይ ነኝ። በታኅሣሥ አጋማሽ 1928 ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ ጋዝ ተጣለ። ታኅሣሥ 18 ሙሶሊኒ ለማርሻል ባዶሊዮ ማንኛውንም ጋዝ በሰፊው እንዲጠቀም ፈቀደ። ታኅሣሥ 20 ኢትዮጵያ ለማኅበሩ አቤቱታዋን አሰማች። ታኅሣሥ 26 ሙሶሊኒ እንደገና ቴሌግራም ላከ፦ የጄኔቫው ስብሰባ እስኪያልፍ፣ እጅግ አስገዳጅ ካልሆነ በቀር፣ ጋዙ ይቁም የሚል። ጥር 10፣ ማለትም የማኅበሩ ምክር ቤት ሊሰበሰብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሁሉንም የጦር ዘዴ እንዲጠቀም መልሶ ፈቀደ። በዚህ መሐል ጋዙ ጨርሶ ቆሟል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሰውየው ጄኔቫን ይፈራ ነበር፤ አደጋ እንደሌለ ሲገባው ነው እጁን የፈታው።

የፈራው ደግሞ ነዳጁን ነው። የነዳጅ ማዕቀብ ነገር ከኅዳር ጀምሮ ይነሳል፣ ይዘገያል። በፈረንሳዩ ላቫል ልመና አንዴ ተላለፈ። በታኅሣሥ ደግሞ እሱና የእንግሊዙ ሆር የአገራችንን ግማሽ ያህል ለኢጣልያ የሚሰጥ «እርቅ» ሲዶልቱ ተጋልጠው ሆር ሥራውን ለቀቀ። በመጨረሻ ባለሙያዎች ተቀምጠው በየካቲት መልስ አመጡ፦ ሁሉም ከተባበረና የማኅበሩ አባል ያልሆነችው አሜሪካም ሽያጯን ከበፊቱ ካላስበለጠች፣ ማዕቀቡ በሦስት ወር ወይም በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ይሠራል አሉ። እስቲ እናስላው። ኅዳር 8 ላይ ቢጀመር ኖሮ እስከ የካቲት መጨረሻ ይደርስ ነበር። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ነው።

የካቲት 25 ኮረም አጠገብ የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተመታ። ከሦስት ቀን በኋላ ሂትለር ራይንላንድ ገባ፣ የአውሮፓም ዓይን ወደዚያ ዞረ፤ የነዳጁም ነገር በዚያው ቀረ። የቀይ መስቀሉ ልዑክ ዶክተር ማርሴል ዡኖ ኮረም ላይ በጋዝ የተቃጠሉ ሰዎችን በዓይኑ አይቷል። ማኅበሩ መረጃ ሲጠይቅ ግን ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ገለልተኛነቴን ይነካል ብሎ አልሰጠም። ማዕቀቡ ሐምሌ 8 ቀን ተነሳ፤ ልክ ስምንት ወር። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1938 ሙኒክ ላይ ለሂትለር፣ ነዳጅ ቢጨመርበት ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ እወጣ ነበር እንዳለው አስተርጓሚው ፓውል ሽሚት በትዝታው ጽፏል።

የክፍል ጓደኞቼ ያነሷቸውም አገሮች ቢሆኑ የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። ሶርያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ጉታ ላይ ሳሪን ከተጣለ በኋላ፣ አሜሪካ ልትመታት ስትዘጋጅና ወዳጇ ሩሲያም ስትገፋፋት፣ 1,300 ቶን ያህል ኬሚካል አስመዝግባ አስረከበች። ጥያቄው አንድና ግልጽ ነበር፣ ማስፈራሪያው የሚያም ነበር፣ ቆጥሮ የሚረከብም ድርጅት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በሥራ ላይ የዋለው የኬሚካል መሣሪያ ስምምነት እንደ 1917ቱ ፕሮቶኮል ሳይሆን ማከማቸቱንም ይከለክላል፣ መርማሪም አለው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ኻን ሼኹን ላይ እንደገና ሳሪን ተጣለ፤ ዛቻው ሲላላ የተደበቀው ወጣ ማለት ነው። ኢራቅ ደግሞ በተቃራኒው ናት። ከእ.ኤ.አ. 1991 በኋላ መርማሪዎች አብዛኛውን አስወድመው ሳለ ጫናው ማብቂያ አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ተወርራ ሲፈለግ አለ የተባለው ክምችት አልተገኘም። ቢያስረክብም የማይማረው መንግሥት ለምን ያስረክባል?

ኢጣልያ ጋዙን ማንም አላስጣላትም። ለአሥርት ዓመታት ስትክድ ቆይታ በ1988 ዓ.ም. የመከላከያ ሚኒስትሯ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ሠራዊቱ በኢትዮጵያ ላይ መጠቀሙን በይፋ አመኑ። በዚያ ዓመት አያቴ ሮቢት ውስጥ በሕይወት ነበረች። የነገራት ሰው ግን አልነበረም።