በጠባብ ጀልባ ስለ መጓዝ

የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ብዙ ሰው የሚመኘው በፍጥነት ሩቅ አገር መድረስን ነው። በእንግሊዝ አገር ግን በሰዓት ከ4 ማይል፥ ማለት ከ6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በላይ መሄድ የተከለከለበት የዕረፍት ጉዞ አለ። ይኸውም ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ጠባብ ጀልባ ይከራዩና በቆዩ የውሃ ቦዮች ላይ ራሳቸው እየነዱ፥ እየበሉና እያደሩባት የሚያደርጉት ጉዞ ነው። ለትምህርት ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ በባልንጀሮቹ ሊጋበዝ ስለሚችል፥ ነገሩ ከየት እንደ መጣና ምን ሥራ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቦዮቹ የተቆፈሩት ለመዝናኛ አይደለም። የብሪጅዋተር መስፍን ዎርስሊ ላይ ካለው ማዕድኑ ወደ ማንቸስተር የድንጋይ ከሰል የሚያደርስ ቦይ አስቆፍሮ በ1761 ተከፈተ፤ ዝነኛው መሐንዲስ ጄምስ ብሪንድሊም በሥራው ነበረበት። አንድ ፈረስ በውሃ ላይ ከ20 ቶን የሚበልጥ ጭነት ለመጎተት ስለሚችል፥ በማንቸስተር የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። ይህን ያዩ ባለሀብቶች በየአውራጃው ቦይ ማስቆፈር ጀመሩ። ሆኖም ውሃና ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ በመካከለኛው እንግሊዝ መተላለፊያዎቹን ጠባብ አድርገው ሠሩ። ጀልባዋም በዚሁ ልክ ወርዷ ከ2 ሜትር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ፥ ርዝመቷ ግን እስከ 22 ሜትር የሚደርስ ሆነች።

ከ1830 ወዲህ የባቡር ሐዲድ ሲስፋፋ የጀልባ ነጂው ገቢ እየቀነሰ ሄደ። ብዙዎቹ የቤት ኪራይ ለመዳንና ያለ ደመወዝ የሚሠራ ረዳት ለማግኘት ሚስትና ልጆቻቸውን ወደ ጀልባው አስገቡ። ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ በሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ቤተሰቡ በሙሉ ያበስል፥ ይበላና ይተኛ ነበር። ልጆቹም ከስፍራ ወደ ስፍራ ስለሚዘዋወሩ አብዛኞቹ ፊደል ሳይቆጥሩ አደጉ። ፓርላማው በ1877 ጀልባዎቹ እንዲመዘገቡና በየክፍሉ የሚያድሩት ሰዎች ቍጥር እንዲወሰን ሕግ አወጣ። ዛሬ መንገደኛው ቆንጆ ናት እያለ የሚያደንቃት ጀልባ ይህን የመሰለ ታሪክ አላት።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ቦይ እንደ ወንዝ አይፈስም፤ ውሃው የቆመ ነው። ኮረብታ ሲያጋጥም ጀልባዋ የምትወጣውና የምትወርደው እንግሊዞች «ሎክ» በሚሉት ነው። ሎክ ማለት ከላይና ከታች በሮች ያሉት፥ ግድግዳው በግንብ የተሠራ የውሃ ክፍል ነው። ወደ ላይ የምትሄደው ጀልባ በታችኛው በር ትገባለች፤ በሩም ከኋላዋ ይዘጋል። ከዚያ አንዱ ጓደኛ በማኖቬላ እያዞረ የላይኛውን የውሃ መልቀቂያ ቀስ ብሎ ይከፍታል። ውሃው እየገባ ጀልባዋን ከፍ ያደርጋታል። የክፍሉ ውሃ ከላይኛው ቦይ ውሃ ጋር እኩል ሲሆን በሩ በጀርባ ተገፍቶ ይከፈታል። ከዚያ በፊት ግን ውሃው ስለሚጫነው አሥር ጐልማሳ ቢገፋውም አይነቃነቅም። በዚህ ሁሉ ፓምፕም ሞተርም የለም። ነገር ግን በጠባቡ ሎክ እንኳ በየጊዜው 100 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ ክፍሉ ከወዲያ ለሚመጣው ጀልባ የተዘጋጀ ከሆነ፥ እርሱ እስኪያልፍ መጠበቅ የሁሉም ግዴታ ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው በመውረድ ላይ ነው። ከላይኛው በር ሥር ወደ ክፍሉ ውስጥ የወጣ ደፍ አለ። ውሃው ሲጎድል የጀልባዋ ኋላ በደፉ ላይ ከቀረ አፍንጫዋ ብቻ ይወርድና ልትሰጥም ትችላለች። ስለዚህ በግንቡ ላይ የተሠመረውን ምልክት አልፋ ወደ ፊት ትቁም። ማኖቬላ የያዘው ሰው ዓይኑን ከጀልባዋ አያንሣ፤ ነጂው «ዝጋ!» ሲለው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይዝጋ። ጨዋታው ሎኩን ካለፉ በኋላ ይደርሳል።

ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ አከራዩ ራሱ ያስተምራል። የመሪው እጀታ ወደ ግራ ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ፍሬን ስለሌላት የሚያቆማት የኋላ ማርሽ ነው። በአገሩ መኪና በግራ ሲሄድ፥ ጀልባ ከጀልባ ጋር ሲገናኝ በቀኝ ይይዛል። በቆሙት ጀልባዎች አጠገብ በዝግታ ማለፍ ይገባል፤ አለዚያ የሚነሣው ማዕበል የታሰሩበትን ችካል ይነቅለዋል።

የቀኑን መንገድ ለማቀድ የተለመደው ስሌት ማይሉንና ሎኩን ደምሮ ለ3 ማካፈል ነው። 9 ማይልና 12 ሎክ 21 ይሆናል፤ ይህም 7 ሰዓት ጉዞ ነው። ይህን ያላሰበ ማኅበር ጨለማ ሳይዘው ለመድረስ ሲሯሯጥ ይጣላል። ታርድቢግ ላይ ርቀቱ 2 ማይል ተኩል በማይሞላ መንገድ 30 ሎኮች ተከታትለው ስለሚገኙ፥ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይፈጃሉ። ጋኑ የሚይዘው ውሃም የተወሰነ ነው፤ አንዱ ረጅም ሻወር ሲወስድ ሌላው ሻይ ያጣል። ስለዚህ መንዳት፥ ሎክ መክፈትና ወጥ መሥራት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተራ ይሁን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ይህ ጉዞ ራሱ የኅብረት ሥራ ውጤት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙዎቹ ቦዮች በደለል ተሞልተው ሊደፈኑ ተቃርበው ነበር። ኤል ቲ ሲ ሮልት በ1944 «ናሮው ቦት» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1946ም ቦዮቹን ለማዳን ማኅበር ተቋቋመ። በጎ ፈቃደኞች በአካፋ ጭቃ እየዛቁ፥ የፈረሰውን ግንብ እየጠገኑ አንዳንዶቹን መልሰው ከፈቱ፤ የኬኔትና ኤቨን ቦይ በ1990 እንደ ገና የተመረቀው በዚህ ዓይነት ድካም ነው። ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ 2,000 ማይል ያህል የውሃ መንገድ የሚጠብቀው አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የሚጓዘው ተማሪም የበኩሉ ድርሻ አለው፤ ሎኩን ካለፈ በኋላ ምንም ቢቸኩል ተመልሶ መልቀቂያውን ያውርድ፥ በሩንም ይዝጋ። ክፍት የቀረ መልቀቂያ ከኋላው ለሚመጣው ባዶ ቦይ ሊያስቀርለት ይችላል።