ያረጀ ቡና ሲጐነደል

አንድ አባት በጓሯቸው ያለውን ያረጀ ቡና እንዲቆርጡት ስንነግራቸው፣ «ልጆቼ፣ አባቴ የተከለውን በመጋዝ ልግደለው?» አሉን። ፍርሃታቸው ገብቶናል። ለግብሩም ለጨውም የሚደርስላቸው ያው ቡና ነው።

እስቲ ቡናውን እንየው። ግንዱ የዛፍ ሽበት ለብሷል። የታችኛው ቅርንጫፍ ደርቋል፤ ፍሬው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ሰጥቶ አንድ ዓመት ያርፋል። እንዲህ ያለው ቡና አረጀ እንጂ አልሞተም። ሥሩ ገና ብርቱ ነው።

ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በጥር ወይም በየካቲት፣ ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለን እንቆርጠዋለን። ከጉልበት ዝቅ ይላል ማለት ነው። ይህ ጉንደላ ይባላል። ቁርጡ ሰያፍ ይሁን፤ አለዚያ ውሃ ይተኛበትና ይበሰብሳል። በምሳር አንቆርጥም፤ ምሳር ግንዱን ይሰነጥቀዋል። ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው ስንሄድ መጋዙን በእሳት እንለበልበዋለን። ቡናን የሚያደርቀው በሽታ በስለት ይተላለፋልና። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኛም መጀመሪያ ንቀነው ነበር።

ዝናብ ሲጥል ጉቶው ብዙ ያቈጠቁጣል። ብርቱዎቹን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርተን ሌላውን እንነቅላለን። ሁሉም ይደግ ካልን ሁሉም ይቀጭጫል። ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ እንከልለዋለን።

ፍሬው የሚመጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ቤቱ ምን ይበላል? ስለዚህ ሁሉን በአንድ ጊዜ አንጐንድልም። 30 እግር ቡና ያለው ሰው ዘንድሮ 10፣ ለከርሞ 10፣ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ 10 ይጐንድል።

አባታችን ግን አሥር አልሰጡንም። አንድ እግር ብቻ፣ ያውም አጥር ጥግ ያለውን፣ አሳዩን። እሱን ቆርጠናል።