ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?



ዘመድ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ቤት የቀረው ሰው ሰዓት ይቆጥራል። «ማታ 4 ሰዓት ተነሥታ ጠዋት 2 ሰዓት ትገባለች ተብሎ ነበር። ይኸው እኩለ ቀን ሆነ፤ ምነው አልደወለች?» እያለ ይጨነቃል። ሒሳቡን ያወቀ ግን አይጨነቅም። እስቲ አብረን እናስላው።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንወቅ። ከአዲስ አበባ እስከ አሜሪካ ዋና ከተማ እስከ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትልቅ አውሮፕላን በ1 ሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። 11,500ን ለ900 ስናካፍል 13 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በእርግጥም ከዋሽንግተን ሳያርፍ ወደ እኛ የሚመጣ አውሮፕላን 13 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከእኛ ወደዚያ ሲሄድ ግን እስከ 17 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። መንገዱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት! ለምን ይመስላችኋል?

ቆላ ወዳለ ገበያ ስትወርዱ ቶሎ ትደርሳላችሁ። ስትመለሱ ዳገቱ ያዘገያችኋል። የአውሮፕላን ዳገቱ ነፋስ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ከፍ ባለው ሰማይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ እኛ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል። ወደዚያ የሚሄደውን ከፊት ይገታዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ደጋነታችን ነው። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። የዋሽንግተኑ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላንን የሚያነሣው ደግሞ በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ሰውና ዕቃ ሞልቶ፣ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ጨምሮ መነሣት ያስቸግረዋል። ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። የአየርላንድዋ ደብሊንና የቶጎዋ ሎሜ ለዚህ ካገለገሉት ከተሞች ናቸው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። ፀሐይ ለእኛ ቀድማ ትወጣለች። ስለዚህ የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ይቀራል። ከመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው። በቀሩት ወራት 8 ሰዓት ነው። ቲኬት ላይ የሚጻፈው መድረሻ የዚያ አገር ሰዓት እንጂ የእኛ አይደለም። ጭንቀቱን ያመጣው ይህ ነው።

ወሩ ሐምሌ ነው እንበል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ብትቆጥሩ 10 ሰዓት ነው። ልዩነቱን 7 ደምሩበት።

10 + 7 = 17

ስለዚህ ልጅቷ የምትደርሰው በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ላይ ገና አየር ላይ ናት!

ቲኬቱ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ። ማታ 10 ሰዓት ካለ 6 ቀንሱ፤ የእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።

እንግዲህ ዘመድ ሲሄድ ቲኬቱን ራሳችሁ አንብቡ። መነሻውን፣ መድረሻውንና ልዩነቱን በደብተር ጻፉ፤ ደምሩ። ከዚያ ለእናትየው ንገሯት፤ እንቅልፍ ታገኛለች።